የመንገድ ትውውቅ እንዳይባክን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ወጣቶች ሥራ ማጣት በተነሣ ቁጥር «ሥራ ያለ ዘመድ አይገኝም» መባሉ አይቀርም። ግማሹ እውነት ነው። ሰው ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሚታወቀው ሰው ዘመድ መሆኑ ግን የግድ አይደለም።

ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቦስተን አጠገብ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን «ወሬውን ካመጣላችሁ ሰው ጋር ያኔ በየስንት ጊዜው ትገናኙ ነበር?» ብሎ ጠይቋል። በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ እንገናኝ ነበር ያሉት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። 55.6 በመቶው አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶው ደግሞ በዓመት አንዴ ወይም ከዚያም ባነሰ ነው። መላሾቹ 54 ብቻ ስለሆኑ ቁጥሩን እንደ ሕግ አንይዘውም፤ ምክንያቱ ግን ደሴም ላይ ይሠራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካውን አብሮን የሚጠጣ ጎረቤት የሚነግረንን ወሬ አብዛኛውን ጊዜ ቀድመን ሰምተነዋል። ከኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፈረቃውን ጨርሶ ወደ ደሴ የሚወጣ የማናውቀው ሰው ግን የትኛው ሼድ ሠራተኛ እንደጎደለው ያውቃል።

በፈረንጆቹ 2022 የወጣ፣ ሊንክድኢን የተባለውን የሥራና የሙያ ትውውቅ ድረ ገጽ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች የተመለከተ ጥናት ደግሞ ሁለት ነገር ጨምሯል። አንደኛ፣ ይበልጥ የሚጠቅመው ጨርሶ ባዕድ የሆነው ሳይሆን መካከለኛው ትውውቅ ነው። ሁለተኛ፣ ዲጂታል ቴክኖሎጂ ብዙም ባልገባባቸው ዘርፎች የቅርብ ሰው ይሻላል። ሁለተኛው ለእኛ አይገርምም። ገንዘብ ያዥ ወይም የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሲቀጠር ዋስ ይጠየቃል፤ ለዋስነት የሚፈርመው አጎት ነው እንጂ ሚኒባስ ላይ የተገናኘ ሰው አይደለም። ገና ከተዋወቁት ሰው ዋስትና መጠየቅ ትውውቁን እዚያው መግደል ነው።

ከደሴ መናኸሪያ የተሳፈረ ሰው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ እስኪገባ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ከማያውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣል። ለመተዋወቅ ይበቃል፤ ጆሮ ማዳመጫውን ያወለቀ እንደሆነ። ነገሩ የሚበላሸው ግን ከወረዱ በኋላ ነው። ስልኩ ላይ «ሰይድ ሚኒባስ» ብሎ ይመዘግባል፤ ከሦስት ወር በኋላ የትኛው ሰይድ እንደሆነ ይጠፋዋል (ወሎ ውስጥ ስንት ሰይድ እንዳለ አንባቢ ያውቀዋል)። ስም፣ ሙያ፣ የተገናኙበት ቦታና ወር አብረው ይጻፉ፦ «ሰይድ ብየዳ ሐረጎ ጥቅምት»። በሳምንቱ ውስጥ አንድ አጭር ስልክ ይደወል። «ሥራ ፈልግልኝ» የሚል ሳይሆን ሰውየው ሳይቸገር የሚመልሰው ጥያቄ ይቅረብ፦ ማስታወቂያ የት ነው የምትለጥፉት? የቴክኒክና ሙያ ደረጃ 3 ትቀበላላችሁ ወይስ 4 ነው የምትጠይቁት? ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ያልወሰደ ይመዘገባል? ይህን የመለሰ ሰው ማስታወቂያው ሲወጣ ራሱ የመደወል ዕድሉ ሰፊ ነው። የትምህርት ማስረጃና የሲኦሲ ኮፒ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። ማስታወቂያው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው ብዙዎች ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሰለፉት። ሲም ካርድ የቀየረም አዲሱን ቁጥር ለእነዚህ ሰዎች ይላክ፤ ለዘመድ ብቻ መላክ የተለመደ ስህተት ነው።

ደላላም የሚመጣው በዚሁ በር ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ አፋርን አቋርጦ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በባሕር ወደ የመን፣ መጨረሻውን ሳዑዲ ያደረገው መንገድ ስንቱን የወሎ ልጅ እንደወሰደ መንገር አያሻኝም። ብዙ ጊዜ መነሻው ሻይ ቤት ወይም መናኸሪያ ላይ የተገናኘ ተግባቢ ሰው ነው። መለያው አያስቸግርም። እውነተኛ ቀጣሪ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ደላላ ስለ ማስረጃ አያነሣም። ያጣድፋል፣ ለቤተሰብ እንዳይነገር ያሳስባል፣ «ገንዘቡ ስትደርስ ይከፈላል» ይላል። ያ ገንዘብ የመን ላይ ማስለቀቂያ ሆኖ ከቤተሰብ ይጠየቃል፤ በሬው የሚሸጠው ያኔ ነው። ሕጋዊው የውጭ ሥራ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል፣ በተጻፈ ውል፣ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተመዝግቦ ነው የሚሄደው።

መካከለኛውን ትውውቅ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ቅሬ (የወሎ ዕድር) አለን። በብዙ ሰፈር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ ነጋዴው፣ መምህሩ፣ ሾፌሩና ግንበኛው በአንድ መዝገብ ተጽፎ በወር አንዴ ይገናኛል። የቅርብ ወዳጅ አይደሉም፤ ባዕድም አይደሉም። ያሳዝነኛል፣ አሁን መዋጮውን በቴሌብር ልኮ፣ ላልተገኘበት ቀን መቅጫ ከፍሎ መገላገል የሚመርጠው በዝቷል። በተለይ ወጣቱ አባትና እናቱ ስላሉ ጨርሶ አይመጣም፤ ሥራ የሚፈልገው ግን እሱ ነው።

ለየቅሬው ዳኞችና ፀሐፊዎች የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በወርኃዊው የመዋጮ ቀን፣ ሒሳቡ ከተነበበ በኋላ፣ አሥር ደቂቃ ይሰጥ። ሠራተኛ የሚፈልግ ይናገር፤ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ቆሞ ስሙንና ሙያውን ይናገር፤ ፀሐፊው በአንድ ገጽ ይያዘው፣ በሚቀጥለው ወር ማን እንዳገኘ ይጠየቅ። ኮሚሽን አይኑርበት፤ ገንዘብ የገባበት ዕለት ድለላ ይሆናል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ግን አይሁን፤ ሐዘንተኛ ፊት የሥራ ወሬ ነውር ነው፣ ወጣቱንም ያስጠላዋል።

አንድ አንባቢ
ከደሴ