ጥላው ጅዳ ይደርሳል

ሰላም እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል?

እናትሽ ያረፉ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጫለሁ። ላንቺ መደወል ግን አቃተኝ። ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ አፈርኩ። ይቅር በይኝ።

አሁን ብዕር ያስነሳኝ አንድ ነገር ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሰኞ፣ አንቺ ያለሽበት ጅዳ ላይ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች። ከቀኑ 7 ሰዓት አልፎ፣ በጠራራው፣ ለ6 ደቂቃ ያህል ይጨልማል።

ላሊበላን ታስታውሻለሽ አይደል? ሰኔ 14 ቀን 2012፣ እሑድ ጠዋት። ማስክ አድርገን ወይራው ሥር ቆመን ነበር። እኔ ደመናው እስኪገለጥ ስጠብቅ አንቺ «ነጠላዬን እዪው!» ብለሽ ጮኽሽ። በቅጠሉ መሃል ሾልኮ የገባው ብርሃን ነጠላሽ ላይ ትንንሽ ማጭድ ማጭድ የሚያክል ቅርጽ ጥሎበታል። ቆየት ሲል ማጭዶቹ ቀለበት ሆኑ። ለካ በቅጠሎቹ መሃል ያለው እያንዳንዱ ሽንቁር የፀሐይን መልክ መሬት ላይ ይጥላል። በሌላ ቀን መልኳ ክብ ስለሆነ ልብ አንለውም እንጂ ሁልጊዜም አለ።

ያ የቀለበት ግርዶሽ ነበር። ፀሐይ ከዳር እስከ ዳር ስትለካ ከጨረቃ ወደ 400 እጥፍ ትሰፋለች፤ ከእኛ ያላት ርቀትም ከጨረቃ ወደ 400 እጥፍ ነው። ስለዚህ ከዚህ ሆነን ስናያቸው እኩያ ይመስላሉ። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። የጨረቃ ምህዋር ግን ድፍን ክብ አይደለም። አንዳንዴ ትቀርበናለች፣ አንዳንዴ ትርቀናለች። ያን ጊዜ ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ጨርሳ መክደን አልቻለችም። ዳር ዳሩ ተረፈ።

የጅዳው ጊዜ ግን ትቀርባለች። በሐምሌ ደግሞ ምድር ከፀሐይ ራቅ ስለምትል ፀሐይ ራሷ ትንሽ አንሳ ትታያለች። ጨለማው የሚረዝመውም ለዚህ ነው። ግብፅ፣ ሉክሶር አካባቢ 6 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ይደርሳል። በፈረንጆቹ እስከ 2114 ድረስ ይህን ያህል የሚቆይ ሙሉ ግርዶሽ የለም።

ፀሐይ ስትሸፈን ዙሪያዋን እንደ ነጭ ጸጉር የሚበተን ብርሃን ታያለሽ። ኮሮና የሚሉት እሱን ነው፤ ዘውድ ማለት ነው። ያኔ ማስክ ያስደረገን ቫይረስም ስሙን ያገኘው ዙሪያው ዘውድ ስለሚመስል ነው። የፀሐይ ኮሮና ሙቀቱ ከሚሊዮን ዲግሪ ያልፋል። ግን ፈዛዛ ስለሆነ በሌላ ቀን የፀሐይዋ ድምቀት ይውጠዋል።

አደራ ዓይንሽን! ተራ የፀሐይ መነጽር አያድንም፣ የራጅ ፊልምም አይሆንም። ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራውን ፈልጊ። የምታወልቂው ፀሐይዋ ጨርሳ ስትጠፋ ብቻ ነው፤ ጠርዟ ብልጭ ስትል መልሰሽ አድርጊው።

እኛ አገር በከፊል ብቻ ነው የሚታየው። ሰኞ የሥራ ቀን ስለሆነ አሠሪዎችሽን ከአሁኑ አስፈቅጂ። ነጠላሽን ይዘሽ ውጪና፣ ዛፍ ካገኘሽ ገና መጋረድ ስትጀምር ከሥሩ ዘርጊው። ከ6ቱ ደቂቃ አንዷንም በስልክ አታጥፊ። ሲያበቃ ግን ደውዪልኝ። ቁጥሬ ያው ነው።