ጄራርድን የሚወድ የማንቼ ደጋፊ

ውድ አዘጋጅ፦

የስፖርት ገጻችሁ ቋሚ አንባቢ ነኝ፤ ቅሬታም ቢጤ አለኝ። ሳምንቱ ሲጀምር ገጹን ስገልጥ የማገኘው "አዋረደ"፣ "ቀጠቀጠ"፣ "አንበረከከ" ነው። ስለ ደጋፊ ከተጻፈ ደግሞ ወይ ስለ ስድብ ነው ወይ ስለ ጸብ። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ኳስ ሳይ የታዘብኩት ሌላ ነገር አለ። ክለቡን ከልቡ የሚደግፍ ሰው ሁሉ ሌላ ክለብ ውስጥ በስውር የሚወደው አንድ ተጫዋች አለው። አይናገረውም እንጂ አለው። ብትጠይቁት መጀመሪያ "ማንንም!" ይላችኋል። ትንሽ ቆይቶ "እሱ ልጅ እንኳ... ለብሔራዊ ቡድኑ ሲጫወት ብቻ ነው ደስ የሚለኝ" ይላል። ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመዋል?

እስቲ ከራሴ ልጀምር። የማንቼ፣ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነኝ፤ ስቲቨን ጄራርድን ደግሞ እወደው ነበር። አዎ፣ የባላንጣችንን የሊቨርፑሉን። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንምታታ።)

የዚህን ክብደት የሚያውቅ ያውቀዋል። የማያሰጋህን ተጫዋች መውደድ ቀላል ነው። ኦኮቻን በቦልተን ማሊያ አይቶ ያልወደደው ማን አለ? ሌ ቲሲየርን ሳውዝሃምፕተን እያለ? እነሱ ዋንጫህን አይነጥቁህም፤ ብትወዳቸው የሚጎድልብህ ነገር የለም። ጄራርድ ግን አንጀት ያሳርራል። በ2005 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ኢስታንቡል ላይ ሊቨርፑል በሚላን 3 ለ 0 እየተመራ ለእረፍት ሲወጣ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ከእረፍት መልስ ያቺን ኳስ በግንባሩ አስቆጥሮ፣ ወደ መሃል እየሮጠ ደጋፊውን በእጆቹ "ተነሱ! ተነሱ!" ሲል ግን እኔም ሳላስበው ቆሜ ራሴን አገኘሁት። በዓመቱ ደግሞ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ መጣ። ዌስትሃም 3 ለ 2 እየመራ፣ መደበኛው ሰዓት አልቆ፣ ሁሉም ተጫዋች ዝሎ እግሩን እየጎተተ ነው። ያኔ ነው ጄራርድ ከዚያ ሁሉ ርቀት አክርሮ መትቶ መረብ ላይ ያሳረፋት። ዝም አልኩ። ምን ይባላል?

በመጋቢት 2009 ሜዳችን ኦልድትራፎርድ ድረስ መጥተው 4 ለ 1 አሸነፉን። ጄራርድ ፍጹም ቅጣት ምት አግብቶ ሮጦ ሄዶ ካሜራውን ሳመ። ያን ቀን ጠላሁት። ሦስት ቀን ያህል።

በመጋቢት 2015 ደግሞ በሜዳቸው አንፊልድ ላይ ተጠባባቂ ነበር። ከእረፍት በኋላ ተቀይሮ ገባ፣ የኛን ኤሬራን ረገጠው፣ በ38 ሰከንድ ውስጥ ቀይ ካርድ አይቶ ወጣ። አብረውኝ የሚያዩት በሳቅ ሞቱ፤ እኔም ሳቅኩ፣ ካልሳቅኩ ይነቃብኝ ነበር። ሁዋን ማታ ሁለቱንም አግብቶልን 2 ለ 1 አሸንፈናል፤ አንዷን እንዲያውም አየር ላይ በመቀስ ነው የመታት። እኔ ግን ቅር ያለኝ ነገር ነበር። ሰውየው በዓመቱ መጨረሻ ሊቨርፑልን ለቆ አሜሪካ ሊሄድ ነው። እኛን የሚገጥምበት የመጨረሻ ጨዋታው በ38 ሰከንድ ተቋጨ። በሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ማንን ልፈራ ነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አንድም ቀን "ምናለ የኛ በሆነ" ብዬ አላውቅም። በማንቼ ማሊያ ሳስበው እንዲያውም ይከብደኛል። ከራስ ክለብ ውጪ ተጫዋች መውደድ የምለው ይህንን ነው፤ እዚያው እንዲሆንልህ የምትፈልገውን ሰው መውደድ። "ኧረ ግዙልን" የሚባለው ሌላ ነው፣ እሱ የገበያ አምሮት ነው።

ይህን የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። አርሰናል ቤት አሌክሲስ ሳንቼዝን ስወደው ልክ አልነበረኝም። በጥቅምት 2015 ገና 20 ደቂቃ ሳይሞላ ሦስት አገቡብን፤ ሁለቱ የሱ ናቸው፣ የመጀመሪያዋን በተረከዙ ነው ያስገባት። ተናድጃለሁ፤ ግን ያቺን ጎል ስንቴ ደጋግሜ እንዳየኋት እኔ ነኝ የማውቀው። ቡድኑ ተመርቶ ሌላው አንገቱን ሲደፋ እሱ እንደ እብድ ይሮጣል፣ ኳስ ሲነጠቅ ይናደዳል፣ ተከላካይ ያሳድዳል። እኔም ተሳሳትኩና ተመኘሁት። በጥር 2018 ከሚኪታሪያን ጋር ተለዋውጦ መጣ። 7 ቁጥር ተሰጠው። በማስተዋወቂያው ቪዲዮ ላይ ፒያኖ ሁሉ ተጫወተልን። ከዚያስ? 45 ጨዋታ፣ 5 ጎል። ያ ሁሉ ሩጫ የት ገባ? ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዛሬ የአርሰናል ዘመኑን ቪዲዮ ሳይ እንኳ እንደ ድሮው ደስ አይለኝም። የራሴ ሲሆን ከዚያኛውም ተነጠቅኩ።

የቤይንስ ነገር ደግሞ ያስቀኛል። የኤቨርተኑ የግራ ተመላላሽ፣ ሌይተን ቤይንስ። በ2013 አሰልጣኙ ሞየስ ከኤቨርተን ወደኛ ሲመጣ እሱንም ፌላይኒንም ፈልጎ ነበር፤ ጸጉራሙ ፌላይኒ መጣ፣ ቤይንስ ቀረ። ያኔ ተበሳጭቼ ነበር። ኋላ ግን ሰውየው ጫማውን እስኪሰቅል እስከ 2020 ድረስ ኤቨርተን ውስጥ ሆኖ ያንን ግራ እግሩን በሰላም አየሁለት።

ከየክለቡ ተጫዋች እየመረጡ የራስን ቡድን ሠርተው ነጥብ የሚሰበስቡበትን የፋንታሲውን ጨዋታ ነገርም ሳላነሳ አላልፍም። ዘንድሮ ሰው ሁሉ ለሌላ ክለብ ተጫዋች የሚጮኸው ካፒቴን ስላደረገው ነው። ሳላህ ሲያገባ የሚዘል የማንቼ ደጋፊ አይቻለሁ። "ወደድከው?" ስለው "ነጥቤ ነው" አለኝ። ነጥብ ካላመጣ በሚቀጥለው ሳምንት ይሸጠዋል። ይሄን ከኔ ጄራርድ ጋር እንዳታቀላቅሉብኝ። ሜሲን ተከትሎ ከባርሳ ወደ ፒኤስጂ፣ ከፒኤስጂ ወደ ማያሚ የተሰደደውም እንዲሁ ሌላ ነገር ነው፤ የዚያ ሰው ክለቡ ራሱ ሜሲ ነው፣ የሚደብቀው የለውም።

ደጋፊ ሁሉ የሚሳደብ የሚመስለው ካለ በሚያዝያ 2003 ኦልድትራፎርድ የሆነውን ያስታውስ። የብራዚሉ ሮናልዶ በሪያል ማድሪድ ማሊያ መጥቶ ሦስት አገባብን። ከቻምፒየንስ ሊግ እያስወጣን ነው እኮ! ተቀይሮ ሲወጣ ግን የኛ ሰው ቆሞ አጨበጨበለት። ቤካም ተቀይሮ ገብቶ ሁለት አክሎ 4 ለ 3 ብናሸንፍም በድምር ተሰናበትን። ከዚያ ምሽት ሁሌ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ጭብጨባው ነው። በ2005 ቤርናቤው ውስጥ ለሮናልዲንሆ የተነሱት የማድሪድ ደጋፊዎችም 3 ለ 0 እየተሸነፉ ነበር፣ ያውም በሱ ክለብ፣ በባላንጣቸው በባርሴሎና።

የዩቬንቱሶቹ ግን የኔው ዕጣ ነው የደረሳቸው። በሚያዝያ 2018 ያኔ የሪያል ማድሪድ ተጫዋች የነበረው ክርስቲያኖ ሮናልዶ ያቺን የመቀስ ምት ሲያስቆጥርባቸው ገዛ ስታዲየማቸው ውስጥ ቆመው አጨበጨቡለት። በዚያው ክረምት ክለቡ ገዛው። በሦስት ዓመት ብዙ ጎል አገባ፣ ሁለት የሊግ ዋንጫም አነሱ፤ የፈለጉት የቻምፒየንስ ሊግ ግን አልመጣም። እንደዚያች ምሽት የተነሱለት ሌላ ቀን ይኖር ይሆን? እኔ እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ከዚያ ሁሉ "አዋረደ" መሃል ትንሽ ቦታ ፈልጉልንና አንባቢውን "ከክለብህ ውጪ ማንን ትወዳለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። ሁለት ቅድመ ሁኔታ ብቻ ይኑረው። ፋንታሲ ቡድኑ ውስጥ ያለን ተጫዋች መጥቀስ አይቻልም። "ብንገዛው" ብሎ የሚጀምር ደብዳቤም ወደ ቅርጫት ይጣል። የባላንጣውን ክለብ ተጫዋች የጠራ ካለ ቅድሚያ ስጡት፣ ለመጻፍ ስንት ቀን እንዳመነታ አውቃለሁና።

ጄራርድ ካቆመ በኋላ እኔም ሌላ ይዣለሁ። አሁንም እየተጫወተ ነው፣ ክለቡም የምንወደው ዓይነት አይደለም። ስሙን ግን የዝውውር መስኮቱ እስኪዘጋ አልነግራችሁም። ከኛ ሰዎች አንዱ አንብቦ ቢገዛውስ?

አክባሪያችሁ፣
አንድ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ