ስለዛ "ድንጋይ" ሳሙና፣ ዘግይቼም ቢሆን

ወንድሜ እንዴት ነህ? ማዘር እንዴት ናቸው፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ? ባለቤትህስ? መውለዳችሁን ከሰው ነው የሰማሁት፣ ከሰው መስማቴ ደግሞ የራሴ ጥፋት ስለሆነ አፌን ሞልቼ አልቀየምም። እንኳን ማርያም ማረችልህ።

የመጨረሻዋን ሜሴጅህን አሁንም አላጠፋኋትም። "አንተ ሰውዬ ይሄ የላክልኝ ድንጋይ ምንድነው፣ አረፋ የለው ምን የለው፣ ጺሜን ልላጭበት ወይስ ቤት ልሥራበት" ብለህ ነበር። ባቡር ውስጥ ሆኜ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ማታ እመልስለታለሁ ብዬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩ፣ ማታው 2 ዓመት ከ7 ወር ሆነ። ያን ሰሞን ከሥራ ወጥቼ ነበር፣ እሱን ላንተ መንገር ከበደኝ፣ እሱን ደብቄ ስለ ሳሙና መቀለድ ደግሞ ውሸት መሰለኝ፣ ከዛ በቃ ቀኑ በሄደ ቁጥር ማፈሬም እየባሰ ሄደ። አሁን ሥራ አለኝ፣ ደህና ነኝ። ሌላውን ስንደዋወል አወራሃለሁ፣ ዛሬ ለጥያቄህ መልስ ልስጥህ።

መጀመሪያ እውነቱን ልናዘዝ፤ ለሰርግህ ያንን ሳሙናና ብሩሽ ስልክልህ እኔ ራሴ አልችልበትም ነበር። ታባክ ይባላል፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1959 ጀምሮ ያለ የጀርመን ሽታ ነው፣ እዚህ አውቶቡስ ውስጥ ሽማግሌ አጠገብህ ሲቀመጥ የሚሸትህ እሱ ነው። ሳሙናው የተቀመጠበት ባለ ክዳኑ ነጭ እቃ አምሮኝ ነው የገዛሁት። ለራሴም አንድ ገዝቼ ሁለቴ ሞክሬ እምቢ ሲለኝ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ በዛ ጫን ሲሉት ፍስስ በሚለው ፎም መላጨቴን ቀጠልኩ። ላንተ ግን እንደ ባለሙያ ላኩልህ። ተው አትሳቅ።

ነገሩ የገባኝ አምና በብርዱ ወራት ነው። ዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካሉት የቱርክ ሱቆች አርኮ የሚባል ሳሙና ገዛሁ፣ ወፍራም ጠመኔ በለው፣ ዋጋው ከፎሙ በጣም ይረክሳል። እሱን እርጥብ ጺምህ ላይ ቀጥታ ታሸዋለህ፣ ከዛ በብሩሽ ታሽከረክራለህ፣ በቃ። ያን ቀን ፊቴ ላይ የወጣው አረፋ ለሦስት ሰው ይበቃ ነበር። መስታወቱ ፊት ቆሜ እንዴ ይሄ ርካሹ እንደዚህ ካወጣ ያኛው ምን ነካው አልኩ። ለካ ስታሸው ፊትህ ላይ ብዙ ሳሙና ይቀራል፣ እኔ ግን ታባኩን በብሩሽ አሥር ሴኮንድ ነካ ነካ አድርጌ ነጭ ነገር ሳይ በቃ አረፋ ሆነ ብዬ አነሳ ነበር። አንተም እንደዛ ነው ያደረግከው፣ እማላለሁ።

ያ ቶሎ የሚመጣው አረፋ ውሸታም ነው። የለስላሳ አረፋ ታውቅ የለ፣ ትልልቅ ሆኖ ቱፍ ብሎ ይጠፋል፣ ውስጡ ውሃና አየር እንጂ ሳሙና የለም። ጠንካራ ሳሙና በፋብሪካ ሲሠራ እየተዳመጠ ውሃው ስለሚወጣለት ቶሎ አይሰጥህም፣ እንደ ገላ ሳሙና አታስበው፣ ግን ያቺ 125 ግራም ወራት የምትቆይህ በዚሁ ንፍገቷ ነው። ስለዚህ ሻወር ከመግባትህ በፊት ሳሙናው ላይ አንድ ማንኪያ ሙቅ ውሃ አፍስስበትና ተወው፣ ስትወጣ ላዩ ለስልሶ ይጠብቅሃል። ውሃዋን ጺምህ ላይ ቀባት፣ አትድፋት። ከዛ ብሩሹን ሁለት ሦስቴ አራግፈው፣ እርጥብ ይሁን ግን አይንጠብጠብ፣ ይሄ ዋናው ነው ምክንያቱም ሁላችንም መጀመሪያ ላይ ውሃ እናበዛለን። ከዛ ሳሙናው ላይ አሽከርክር፣ እስከ 60 ቁጠር፣ መጀመሪያ ትልልቁ አረፋ ይመጣል ዝም በለው ቀጥል፣ እየጠበቀ ሄዶ ብሩሹ ላይ እንደ ቅቤ ሲለጠፍ ያኔ አቁም።

ውሃው የሚጨመረው ከዛ በኋላ ነው፣ እሱም ፊትህ ላይ። የብሩሹን ጫፍ ብቻ ውሃ አስነካና አሽከርክር፣ እንደገና አስነካና አሽከርክር። ጉንጭህ ላይ እንደ ኖራ ከደረቀ ውሃ ይቀረዋል፣ ወደ አንገትህ ከወረደ አልፈሃል፣ ካለፍክ ደግሞ አትናደድ ተመልሰህ ትንሽ ሳሙና ውሰድ። የምትፈልገው የማኪያቶ አረፋ ነው፣ ያ ስኳር ስትጨምርበት ስኳሩን ላዩ ላይ ይዞ ትንሽ የሚያቆየው። በሁለት ጣትህ እሸው፣ ካዳለጠህ ሆኗል።

ብሩሹን በተመለከተ ሌላ ይቅርታ አለብኝ። የአሳማ ጸጉር ነው። ስገዛው አላነበብኩትም፣ በቀደም የኔን ካርቶን ሳገላብጥ ነው ያየሁት፣ ለማዘር እንዳትነግር! እሱን መጠቀም ካልፈለግክ ይገባኛል፣ ሰው ሠራሽ እልክልሃለሁ፣ እንዲያውም ሰው ሠራሹ ለጀማሪ ይቀላል። ከተጠቀምክበት ግን ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ደቂቃ መዘፍዘፍ አለበት፣ አዲስ ሲሆን ደረቅ ነው፣ ይሸታል፣ የሠራኸውን አረፋ ራሱ ይውጠዋል። ሲለመድ ጫፉ እየተሰነጠቀ ይለሰልሳል። አየህ፣ ጠንካራ ሳሙና ከአዲስ ብሩሽ ጋር ያለ ምንም ማብራሪያ ነው የላክሁልህ፣ ድንጋይ ብትለው አይፈረድብህም።

ደግሞ ውሃው አለ። የሙኒክ ውሃ ብዙው ከማንግፋል ሸለቆ ከአልፕስ ሥር ነው የሚመጣው፣ ሲጠጣ ደስ ይላል፣ ግን ኖራ ይበዛዋል፣ እዚህ "ካልክ" ይሉታል። ጀርመኖች ይሄን በዲግሪ ይለኩታል፣ ከ14 ካለፈ ጠንካራ ውሃ ይሉታል፣ የኛ ያልፋል፣ የውሃ ማፍያዬን ብታየው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ነው። ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ሳሙናውን ይይዘውና የማይሟሟ ጭቅቅት ያደርገዋል፣ ገንዳ ላይ ክብ ሠርቶ የሚቀረው እሱ ነው፣ ማለት የደከምክበት ሳሙና ግማሹ አረፋ ሳይሆን ይቀራል። አንድ ቅዳሜ ለካውያ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ገዝቼ ግራ ጉንጬን በሱ ቀኙን በቧንቧ ሠራሁት፣ ልዩነቱን ለማየት መነጽር አያስፈልግም ነበር። አዲስ አበባ ደግሞ እንደ ሰፈሩ ነው፣ የለገዳዲና የገፈርሳ ግድብ ውሃ አለ፣ ከአቃቂ በኩል የሚመጣ የጉድጓድ ውሃም አለ፣ የጉድጓድ ብዙ ጊዜ ማዕድን ይበዛዋል። ማንቆርቆሪያህን ገልብጠህ እየው፣ ነጭ ነገር ከጋገረ ለመላጫ ብቻ የዝናብ ውሃ በጀሪካን ያዝ። አንተን ስለማውቅህ ነው የምለው፣ በአምቦ ውሃ እንዳትሞክረው፣ እሱ ከጠንካራም ጠንካራ ነው።

ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን ትለኝ ይሆናል። አንገቴ ታስታውሳለህ? ሃይስኩል እያለን ጀምሮ በተላጨሁ ማግስት ብጉር ብጉር የሚለውን፣ ከርዳዳው ጸጉር ተመልሶ ቆዳ ውስጥ እየገባ። አሁን አረፋው በደንብ ሲዳለጥልኝ ምላጩን አልጫነውም፣ ጸጉሩ ወደበቀለበት አቅጣጫ አንዴ ብቻ ወስጄ እተወዋለሁ፣ ጥርት ብሎ ባይሄድም ይሁን። ሙሉ በሙሉ ለቆኛል ብዬ አልዋሽህም፣ ግን ሸሚዝ ቆልፌ መዋል ችያለሁ።

እና ያ ድንጋይ አሁንም ካለ አውጣው፣ ስትጨርስ ክዳኑን ክፍት ትተህ አድርቀው። ባለቤትህ እጅ መታጠቢያ አድርጋ ከጨረሰችው ደግሞ ለጥምቀት የሚመጣ ልጅ አለ፣ ሁለት ኪሎ ቦታ ሰጥቶኛል፣ ሳሙናና ብሩሽ ግማሽ ኪሎም አይሞላ፣ የቀረውን ለልጁ ልብስ ላደርገው ነው። ስንት ወሩ እንደሆነ ጻፍልኝ። ወንድ ይሁን ሴትም አልነገሩኝም።