ቮልሱን እስከ ብረቱ መላጥ ግዴታ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት በግቢያቸው አሮጌ ቮልስ ስለሚያድሱ ወጣቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ደስ ብሎኛል። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለውን ጠግኖ መያዝ ቅንጦት መሆኑ ቀርቷል። ፎቶው ግን ከነከነኝ። ልጁ ግራይንደር ይዞ የፊቱን ኮፈን በደረቁ ይፍቃል፣ አቧራው ይጨሳል፣ አፍንጫው ላይ ምንም የለም፣ ከኋላው ደግሞ የታጠበ የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል። ጽሑፉ ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ መኪና ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባለው መርዘኛ ብረት ሊኖር ይችላል፤ በተለይ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይና አረንጓዴ ቀለሞች ላይ ሊድ ክሮሜት በሰፊው ይገባ ነበር። ቀለሙ ላሜራው ላይ ተጣብቆ እስካለ ድረስ ብዙም አያሳስብም። ጣጣው በግራይንደር ሲደቅ ነው። ያ አቧራ መሬቱ ላይ ያርፋል፣ ልጆች መሬቱ ላይ ይጫወታሉ፣ እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የሊድ መጠን አይታወቅም ይላል። ብዙዎቻችን ደግሞ የምንሠራው በጋራ ግቢ ነው፤ መኪናው የኔ ነው፣ አየሩ ግን የጎረቤትም ነው።

ደሞ ግራይንደሩ ለመኪናውም አይበጅም። የቮልስ ላሜራ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ኮፈንና በር የመሰለ ሰፊ ቦታ ላይ ዲስኩን ጫን ካሉት ብረቱ ይግላል፣ ይለጠጣል፣ ከዚያ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ያንን ለመመለስ ጥሩ ባትላሜራ ያስፈልጋል፤ ጥሩ ባትላሜራ ደግሞ ዛሬ በርካሽ አይገኝም። በጋዝ እሳት አቃጥሎ መላጥ የሚሉም አሉ። ጭሱንም የብረቱን መጣመምም አንድ ላይ መግዛት ነው፣ ተዉት።

ከሁሉ በላይ ልናገረው የፈለግኩት ግን ይሄን ነው፦ አብዛኛው መኪና ጭራሽ እስከ ብረቱ መላጥ አያስፈልገውም። የድሮው ቀለም ካልተሰነጠቀ፣ ካላበጠ፣ ከሥሩ ዝገት ከሌለው ለአዲሱ ቀለም ጥሩ መሠረት ነው። በ320 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ውኃ እያስነኩ ሻከር ማድረግ ይበቃል። ውኃው አቧራውን ይይዛል፣ ወረቀቱም ቶሎ አይደፈንም። መላጥ ያለበት የተላላጠው፣ ያበጠውና የዛገው ቦታ ብቻ ነው፤ ቮልስ ላይ ደግሞ ዝገቱ የት እንደሚገኝ ይታወቃል፤ ከበሩ ሥር ባለው ደፍ፣ ባትሪው በሚቀመጥበት ወለል፣ ፓራፋንጎው በሚታሰርበት ዙሪያ። ፓራፋንጎው በቡሎን ስለሚታሰር ፈትቶ ለብቻው መሥራት ይቻላል።

የት እንደሚላጥ ለማወቅ ማግኔት ያዙና መኪናውን ዙሩት። ቀለሙ ላይ ጠበቅ ብሎ የሚይዘው ማግኔት ድንገት ካልያዘ ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ አለ ማለት ነው፣ ከስቱኮው ሥር ደግሞ ብዙ ጊዜ የተበላ ላሜራ ይኖራል። እዚያ ጋ ነው ጉልበታችሁን የምታፈሱት። ከዚያ የተላጠውን ቦታ ጠርዝ በ180 እና በ320 ወረቀት ቀስ እያሉ ማቅጠን ነው። የቀድሞ ባለቤቶች የቀቡት ሁሉ በየንብርብሩ ይታያል፤ ነጭ፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ክሬም፣ ከዚያ የፋብሪካው ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት ብረቱ ላይ የሚቀባው መሠረት። ንብርብሩ ሰፋ ሰፋ ብሎ ከታየና እጅ ሲያልፍበት እርከን ካልተሰማ በቂ ነው። እርከኑ ከቀረ አዲሱ ቀለም ሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በኬሚካል መላጥ ለሚፈልጉም አንድ ነገር ልበል። አንዳንድ ሱቅ ስሙ የሌለበት ነገር በሃይላንድ ቀድቶ «ቀለም ማስለቀቂያ» ብሎ ይሸጣል። ምን እንደሆነ ስትጠይቁት «ኃይለኛ ነው» ይላችኋል። ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ሜቲሊን ክሎራይድ ነው። እንፋሎቱ ከአየር ይከብዳል፣ ዝቅ ብሎ ይተኛል፣ ወደ ሰውነት ሲገባም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2011 ድረስ የመታጠቢያ ገንዳ ቀለም ሲልጡ ቢያንስ 13 ሠራተኞች በዚህ ምክንያት ሞተዋል፣ በ2019 ደግሞ ቀለም ማስለቀቂያው ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ተራ የአቧራ ማስክ እሱን አያግድም። ስያሜውና ማስጠንቀቂያው የተጻፈበትን ብቻ ግዙ፣ በሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አትሥሩ፣ ኬሚካሉን የሚቋቋም ጓንትና መነጽር አድርጉ። ሲቀቡት ወፈር አድርጋችሁ በፌስታል ሸፍኑት፤ ቶሎ እንዳይደርቅ ነው። የበርና የኮፈን ክፍተቶችን በቴፕ ካልዘጋችሁ ኬሚካሉ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥና አዲሱ ቀለም ከተቀባ በኋላ ከዚያው ስንጥቅ ይወጣል። የፍሬን ዘይት ያፈሰሱበት ሰዎችም አውቃለሁ። ቀለሙን ያላላዋል፣ እውነት ነው፣ ግን ቅሪቱን በደንብ አጥቦ ማስወገድ ሌላ ሥራ ነው።

ብረቱ ከተገለጠ በኋላ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በሐምሌና በነሐሴ የአዲስ አበባ እርጥበት ማታ የተላጠ ላሜራ ጠዋት ላይ ዝገት ሊያሳይ ይችላል። መኪናውን ሙሉ በሙሉ ልጦ ክረምቱን ሙሉ በሸራ ሸፍኖ ማቆም ስለዚህ መጥፎ ዕቅድ ነው። አንድ ክፍል ልጡ፣ አድርቁ፣ ቅባት ሳይነካው በኢፖክሲ ፕራይመር ሸፍኑ፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው እለፉ። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ቢጀመር ደግሞ ይሻላል።

ከእናንተ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ይህን መሰል ጽሑፍ ስታወጡ በሙያው የቆየ ቀለም ቀቢና አንድ የጤና ባለሙያ አነጋግሩ። የተላጠውን ቀለም ምን እናድርገው የሚለውንም ጠይቁልን። አሁን ሰው ጠራርጎ ጎርፍ መውረጃው ውስጥ ነው የሚደፋው፤ ያለውን አማራጭ ብትነግሩን ብዙዎቻችን እንጠቀምበታለን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የቮልስ ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ