«ስንት በመቶ?» ከሚሉ «ከስንቱ?» ይበሉ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ሚኒስትሮች በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው የሚሰጡትን ማብራሪያ በጋዜጣችሁ የሚከታተል አንባቢ ብዙ ጊዜ እጁ ላይ የሚቀረው አንድ መቶኛ ብቻ ነው። አፈጻጸሙ ከ90 በመቶ በላይ ሆኗል፣ ሽፋኑ አድጓል፣ የዋጋ ንረቱ ወርዷል ይባላል፤ ከምን ተነስቶ፣ ለስንት ተካፍሎ እንደሆነ አይነገርም። ለዚህ ተወቃሹ መላሹ ብቻ አይደለም። ጥያቄው ልቅ ሲሆን መልሱም ልቅ ይሆናል። «በዚህ ረገድ ምን እየተሠራ ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሚኒስትር የተሠራውን ሁሉ ለግማሽ ሰዓት ቢዘረዝር ጥያቄውን መልሷል፤ ማን ምን ይለዋል?

ሥልጣኑማ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር እንዲመረምር ይፈቅድለታል። ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ ለአስፈጻሚው በተሰጠ ማንኛውም ሥልጣን ላይ መወያየት እንዳለበት ይደነግጋል። የጎደለው የአጠያየቅ ሥርዓት ነው። ጥያቄዎቹ በተከታታይ ተደርድረው መልሱ በአንድ ላይ ሲሰጥ፣ መላሹ የሚመቸውን አስፍቶ ያብራራል፣ የማይመቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል። ጠያቂው መልሶ ካልጠየቀ የታለፈው እንደታለፈ ይቀራል።

ገንዘቡን እናስቀድም። «በጀቱ 98 በመቶ ጥቅም ላይ ውሏል» የሚል መልስ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ሚኒስቴር የለቀቀው ሊሆን ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱ የከፈለው ሊሆን ይችላል፤ በማስረጃ ተወራርዶ በወጪ የተመዘገበው ሊሆን ይችላል። ለሥራ ተቋራጭ ወይም ለሠራተኛ የተሰጠ ቅድሚያ ክፍያ እስኪወራረድ ድረስ መቀመጥ ያለበት በተሰብሳቢ ሒሳብ፣ ማለትም ተቀባዩ ገና በሚጠየቅበት ገንዘብ መዝገብ፣ ነው። ሰኔ ላይ በጀቱ እንዳይመለስ ተብሎ የሚወጣው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ እዚያው ተሰብሳቢ ውስጥ ይገባና ዓመታት ያስቆጥራል። በዋና ኦዲተር ሪፖርቶች ውስጥ «በወቅቱ ያልተወራረደ» እና «የተሟላ ማስረጃ ሳይቀርብ በወጪ የተመዘገበ» የሚሉት ግኝቶች በየዓመቱ የሚመላለሱት በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ገና ማስረጃ ያልቀረበበት፣ ሁለተኛው ደግሞ ተሰብሳቢውን ለማጥፋት ሲባል ያለ ሰነድ ወጪ የተደረገበት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው በአራት ዓምድ መቅረብ አለበት፦ ምክር ቤቱ ያጸደቀው፣ ከዝውውርና ከተጨማሪ በጀት በኋላ የተስተካከለው፣ በወጪ የተመዘገበው፣ እስከ ሰኔ 30 ሳይወራረድ የቀረው። እያንዳንዱ ዓምድ ከግምጃ ቤት፣ ከውስጥ ገቢ፣ ከእርዳታና ከብድር ተብሎ በምንጭ ይለይ፤ የግምጃ ቤቱ ብቻ ተነግሮ የእርዳታው ሲደበቅ መቶኛው ያምራልና። መደበኛ ወጪን በተመለከተ በሒሳብ መደብ፣ ማለትም በወጪው ዓይነት መለያ ቁጥር፣ መጠየቅ ይቻላል። 6217 ነዳጅና ቅባት ነው፤ 6231 ውሎ አበል፤ 6232 የትራንስፖርት ክፍያ፤ 6233 መስተንግዶ። «ወጪ ቆጣቢ እርምጃ ወስደናል» ያለ መሥሪያ ቤት የእነዚህን አራት መደቦች የሦስት ዓመት ወጪ በአንድ ገጽ ማቅረብ አያቅተውም። ቁጥሩ የመንግሥት ሒሳብ በሚመዘገብባቸው የኮምፒውተር ሥርዓቶች፣ በኢቤክስ ወይም በኢፍሚስ፣ ላይ አለ፤ አትሞ ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ለካፒታል ፕሮጀክት ግን የገንዘቡ አፈጻጸም ብቻውን ምንም አይናገርም። 70 በመቶ ተከፍሎበት 40 በመቶ የተሠራ ሕንፃ በፋይናንስ ሪፖርት ጥሩ ፕሮጀክት ይመስላል። የፊዚካል አፈጻጸሙ (በተግባር የተሠራው ሥራ)፣ የመጀመሪያው የውል ዋጋ፣ አሁን የደረሰበት ዋጋና የተራዘመለት ጊዜ አብረው ይጠየቁ። ዕቅዱ በዓመቱ አጋማሽ ተከልሶ እንደሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል። ከአሥር ወደ ስድስት የወረደ ዕቅድ አምስቱ ሲሠራ አፈጻጸሙ 83 በመቶ ይባላል፤ በመጀመሪያው ዕቅድ ግን 50 በመቶ ነው።

ዓመትን ከዓመት ማነጻጸርም እንዲሁ መነሻውን ይፈልጋል። የ2017 የፌዴራል በጀት ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፤ በዓመቱ ውስጥ ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ጸደቀ። የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ከመጀመሪያው ጋር ስታነጻጽሩት በእጥፍ ሊያድግ ምንም አልቀረውም፤ ከተጨማሪው ጋር ደምራችሁ ስታነጻጽሩት ያደገው 24 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱም ሐሰት አይደሉም፤ የቱ እንደሚነገር የሚወስነው ተናጋሪው ነው። እግረ መንገዴን፦ የ2016ቱ 801.65 ቢሊዮን ብር የጸደቀው ዶላር በባንክ 55 ብር አካባቢ በነበረበት ጊዜ ነው። የ2018ቱ ሲጸድቅ ዶላሩ ከ135 ብር በላይ ደርሶ ነበር። በዶላር ሲመነዘሩ ሁለቱም 14 ቢሊዮን አካባቢ ናቸው።

ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ ከዚህ ይልቅ ጥያቄ የሚገባው ነበር። በ2016 በጀት 214.1 ቢሊዮን ብር የነበረው በ2017 በጀት 222.7 ቢሊዮን ሆነ፤ ጭማሪው 4 በመቶ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዓመታዊ የዋጋ ንረቱ ወደ 20 በመቶ ነበር። ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ የተያዘው በሁለቱም ዓመት 14 ቢሊዮን ብር ነው። የመምህርና የጤና ባለሙያ ደመወዝ የሚከፈለው በአብዛኛው ከክልልና ከወረዳ በጀት በመሆኑ «ለማኅበራዊ ዘርፍ ትኩረት ተሰጥቷል» የሚለው መልስ በዚህ መስመር መፈተን ነበረበት።

አሁን ወደ ማኅበራዊ አኃዞች እንምጣ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን እንውሰድ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። መቶኛው ከ2014 ጀምሮ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሆኗል። ቁጥሩን ስታዩት ያለፉት ከ30 ሺህ ገደማ ወደ 49 ሺህ ገደማ አድገዋል፤ ጭማሪው እውነት ነው፣ ግን በሁለት እጥፍ ተኩል አይደለም። ቀሪውን ሥራ የሠራው አካፋዩ ነው፦ የ2014 ተፈታኞች ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ነበሩ፣ የ2017ቱ 586 ሺህ ገደማ ናቸው። የተፈታኙ ቁጥር ባይቀንስ ኖሮ እነዚሁ 49 ሺህ ተማሪዎች 5.5 በመቶ ብቻ ይሆኑ ነበር። ለትምህርት ሚኒስትሩ የሚቀርበው ጥያቄ እንግዲህ «ውጤቱ ለምን ተሻሻለ?» ሳይሆን «ሦስት መቶ ሺህ ተፈታኝ ምን ዋጠው?» የሚለው ነው፦ ያቋረጡት ስንት ናቸው፣ በጸጥታ ችግር ያልተፈተኑት ስንት ናቸው፣ ከ9ኛ ክፍል አብረው የጀመሩት ስንት ነበሩ? በታችኛው ክፍል ደግሞ ጥቅል ተሳትፎ ከንጥር ተሳትፎ ይለይ። ጥቅሉ ዕድሜያቸው ያለፈውንና ያልደረሰውን ሁሉ ስለሚቆጥር ከ100 በመቶ ሊበልጥ ይችላል፤ ስንት ሕፃን ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደሆነ ግን አያሳይም። ንጥሩ የሚቆጥረው ለክፍሉ በተወሰነው ዕድሜ ላይ ያሉትን ብቻ ነው።

ጤና ላይ የሚያምታታው የሁለት ምንጮች መደባለቅ ነው። አንዱ ከጤና ኬላና ከጤና ጣቢያ ወደ ላይ የሚጠቃለለው መደበኛ ሪፖርት ነው፤ ሌላው ቤት ለቤት የሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት። የ2008ቱ ጥናት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑ ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የወሰዱት 39 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። መደበኛው ሪፖርት ከዚህ እጅግ ከፍ ብሎ ሲመጣ ስህተቱ የግድ ውሸት አይደለም፤ አካፋዩ ከትንበያ የተወሰደ የሕፃናት ቁጥር ስለሆነ ትንበያው ካነሰ ሽፋኑ ያብጣል፣ አንዳንድ ወረዳም ከ100 በመቶ በላይ ይሆናል። የእናቶች ሞትም አለ። በ2003ቱ ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት 676 የነበረው በ2008ቱ 412 ሆነ። 412 ግን የናሙና ግምት ነው፤ የስህተት ወሰኑ ከ273 እስከ 551 ነው። ከዚያ ወዲህ በጥቂት ነጥብ ወርዷል የሚል ሚኒስትር በየትኛው ጥናት፣ በምን ያህል የስህተት ወሰን እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባል።

ድህነትንና የዋጋ ንረትን ባጭሩ። በ2008 ዓ.ም. 23.5 በመቶ የተባለው የድህነት ምጣኔ የተለካው ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር፣ ማለትም በቀን ወደ 20 ብር፣ በሚል መስመር ነው፤ መስመሩ ሳይነገር መቶኛው ትርጉም የለውም። ንረት ላይ ደግሞ የወሩ ዓመታዊ ለውጥ (ወሩ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር) እና የ12 ወራት አማካይ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ዋጋ መናር ሲጀምር አማካዩ ዘግይቶ ስለሚከተል ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ያን ጊዜ የሚጠቀሰው አማካዩ ነው፤ ሲረግብ ደግሞ የወሩ ይጠቀሳል። ንረቱ «ወረደ» ማለትም ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፦ 100 ብር የነበረ ዕቃ በ33 በመቶ ጨምሮ 133 ብር ቢገባ፣ በሚቀጥለው ዓመት ንረቱ ወደ 20 በመቶ ቢወርድ፣ ዕቃው 160 ብር ነው።

የብዙዎቹ ማኅበራዊ አኃዞች አካፋይ ከሕዝብ ቁጥር የሚነሳ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ቆጠራ እንዲካሄድ ያዛል። የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ውጤቱ ወደ 74 ሚሊዮን ነበር። ቀጣዩን ለማራዘም ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ የወሰኑት በሰኔ 2011 ዓ.ም. ነው። በነፍስ ወከፍ የሚነገር ማንኛውም አኃዝ በዚያ ቆጠራ ላይ የተሠራ ትንበያ መሆኑን ሚኒስትሮቹም ጠያቂዎቹም ሳይናገሩ ያልፉታል፤ ምክር ቤቱ ራሱ የወሰነው ማራዘሚያ ስለሆነ ይመስለኛል ማንም የማያነሳው።

የኦዲት ግኝት ላይ «እርምጃ ተወስዷል» የሚለው መልስ ሰነድ ካልተከተለው ባዶ ነው። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ በይፋዊ መድረኩ ላይ ገንዘቡ ተመልሷል ሲባል ሞዴል 64 የተባለውን የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ፣ ዕቃው ገብቷል ሲባል ሞዴል 19 የተባለውን የዕቃ መቀበያ ደረሰኝ በቁጥርና በቀን ይጠይቅ። ግኝቱ ከዚህ በፊት ስንት ዓመት ተደጋግሞ እንደወጣም እዚያው ይነበብ።

ጥያቄው በጽሑፍ ከ15 ቀን በፊት ቢላክ፣ ሚኒስትሩም ሰንጠረዡን ከጉባኤው በፊት ቢያስገባ የቃል ሰዓቱ ለማብራሪያና ለተከታይ ጥያቄ ይተርፋል። ለጤና ሚኒስቴር የሚሄድ ጥያቄ ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «በ2017 በጀት ዓመት ለክትባት ፕሮግራም የጸደቀው፣ የተስተካከለውና በወጪ የተመዘገበው በጀት በአራቱ ምንጮች ተለይቶ ስንት ነው? እስከ ሰኔ 30 ያልተወራረደው ስንት ነው? ሦስተኛውን ዙር ፔንታ (አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን ክትባት) የወሰዱ ሕፃናት ቁጥር፣ ለማካፈያ የተወሰደው የሕፃናት ቁጥርና ምንጩ በክልል ይገለጽ። ሽፋናቸው ከ100 በመቶ በላይ የሆኑ ወረዳዎች በስም ይዘርዘሩ።»

ከጋዜጣችሁ የምንጠይቀው ደግሞ ይህን ነው፦ የምክር ቤት ውሎ ስትዘግቡ ከእያንዳንዱ መቶኛ ጎን አካፋዩን፣ መነሻ ዓመቱንና ምንጩን አትሙ፤ ሚኒስትሩ ካልተናገሩት «አልተገለጸም» ብላችሁ ጻፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የመንግሥት ሒሳብና የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ