«የጉብዝና ክኒን» ብላችሁ ለጻፋችሁት

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ትኩረት መድኃኒት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ በንዴት፣ ከዚያ ደግሞ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ። አልተሳሳትኩም። ርዕሱ ላይ «የጉብዝና ክኒን» ትላላችሁ፣ ውስጥም አራት ጊዜ ደግማችሁታል። ቆጥሬዋለሁ። መቁጠር የለመደብኝ ሰው ነኝ።

የ11 ዓመት ልጅ አለኝ፤ ኤዲኤችዲ አለበት፣ ማለትም ትኩረቱን መሰብሰብና መረጋጋት ያስቸግረዋል። ጠዋት ጫማህን አድርግ ብዬ እልከዋለሁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስሄድ አንዱን ካልሲ እግሩ ላይ፣ ሌላውን እጁ ላይ አጥልቆ ካልሲውን ሲያዋራው አገኘዋለሁ። ሰነፍ አይደለም፣ ባለጌም አይደለም። ሐኪሙ ሜቲልፌኒዴት፣ ያንኑ እናንተ የጻፋችሁበትን የትኩረት መድኃኒት፣ ካዘዘለት ወዲህ ሁለቱንም ካልሲ ያደርጋል። በቃ፣ ጉብዝና ያላችሁት ይኸው ነው። ሒሳብ ድሮም ይችል ነበር፤ አሁን ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ያነበዋል። አንዳንዴ።

አላግባብ ስለሚወስዱት መጻፋችሁን አልቃወምም። ለፈተና ብለው ከጓደኛ የሚቀበሉ አሉ፣ ፈጭተው በአፍንጫቸው የሚስቡም አሉ። እንዲህ ሲወሰድ ልብ ላይ አደጋ አለው፣ ሱስም ሊያስይዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ቁጥጥር ውስጥ የገባው ያለ ነገር አይደለም። ግን ልታስጠነቅቁ ተነስታችሁ በዚህ ስም ስትጠሩት ማስታወቂያ እየሠራችሁለት እኮ ነው! «አደገኛ ነው፣ ግን ያጎብዛል» የተባለ የ19 ዓመት ወጣት ጆሮ ውስጥ የትኛው ቃል የሚቀር ይመስላችኋል?

ደግሞም አያጎብዝም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ፣ የአውስትራሊያው ሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት ጥናት ሜቲልፌኒዴትን ጨምሮ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ለ40 ጤነኛ ሰዎች ሰጥቶ ከባድ እንቆቅልሽ አስፈታቸው። ክኒኑን ሲወስዱ የበለጠ ለፉ፣ ጊዜም ፈጁ፤ የሥራቸው ጥራት ግን ወረደ። ይህን ለማግኘት ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም፣ እኔ ወጥ እያማሰልኩ በስልኬ ነው ያነበብኩት። እናንተ ግን ቦታውን ለሪታ ሰጣችሁት። እ.ኤ.አ. በ1944 መድኃኒቱን የሠራው ኬሚስት በሚስቱ ስም ሪታሊን እንዳለው፣ እሷም ቴኒስ ትጫወት እንደነበር አንድ ሙሉ አንቀጽ! ደስ የሚል ታሪክ ነው። ምሳ ሰዓት ሳህኑን አይቶ ፊቱን ስለሚያዞር ልጅ፣ ማታ መድኃኒቱ ሲለቀው ስለሚነጫነጭ ልጅ፣ በየጊዜው ቁመትና ክብደቱን ስለሚለካ ልጅ ግን አንዲት መስመር የለም። ሪታ ዕድለኛ ናት።

ዘገባው በወጣ ማግስት የእህቴ ልጅ መልእክት ላከልኝ፣ ከነዘገባችሁ። «አክስቴ፣ ሁለት ፍሬ ብቻ። ሰኞ ፈተና አለብኝ።» ደወልኩለት። ለልጄ ከመታዘዙ በፊት የደም ግፊቱና የልብ ምቱ ተለክቷል፣ በቤተሰብ ውስጥ በልብ ሕመም በድንገት የሞተ አለ ወይ ተብለን ተጠይቀናል፣ አንተን ማን ለካህ? አልኩት። ዝም አለ። የገባው መስሎኝ ነበር።

«እሺ፣ አንድ» አለኝ።

ክኒኖቹ ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጡት። ከዚያች ቀን ወዲህ ማታ ማታ እቆጥራቸዋለሁ። የገዛ እህቴን ልጅ ስጠረጥር መዋል ያሳፍራል፤ ግን ምን ላድርግ? መድኃኒት ቤትም ስሄድ ሻጩ ማዘዣውን ገልብጦ ገልብጦ አይቶ «ለራስዎ ነው?» ይለኛል። የልጄ ስምና ዕድሜ እኮ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል! ሰውዬው አንባቢያችሁ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ቅዳሜ ግን ልጄ ስልኬን አንስቶ ርዕሳችሁን አነበበው። በአንድ ትንፋሽ፣ ሳያቋርጥ፣ እስከ መጨረሻው፣ ያንን እንኳን አመሰግናለሁ። ከዚያ «እማ፣ ክኒኑን ካልወሰድኩ ደደብ ነኝ ማለት ነው?» አለኝ።

ዘገባውን አንሱት አላልኩም። ርዕሱን ቀይሩት። ዛሬ ጠዋትም ገብቼ አየሁት፣ እስካሁን እንዳለ ነው።

አንዲት እናት