ስለ ሙሉ ቀኑ የክላሲካል ሙዚቃና የኪነ ጥበብ ስርጭታችን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው እሑድ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት የክላሲካል ሙዚቃና የኪነ ጥበብ ዝግጅት ብቻ አየር ላይ አውለን ነበር። በማግስቱ ስልካችን አላረፈም። "ድምፁ ጠፋብን"፣ "ሬዲዮው ተቋረጠ እንዴ?"፣ "ከፍ ስናደርገው ደግሞ ድንገት ጮኸብን" ብላችኋል። ወርሃዊ ክፍያ የምትከፍሉ አድማጮችም ሆናችሁ ስርጭታችንን በእንግዳ መቀበያችሁ የምታሰሙ ድርጅቶች፣ ምን እንደተፈጠረ የማወቅ መብት አላችሁ። አንዱ የእኛ ጥፋት ነው። ሌላውን ግን አስበንበት ያደረግነው ስለሆነ ምክንያቱን እንነግራችኋለን።

ከጥፋቱ እንጀምር። ማታ የጉስታቭ ማህለርን ዘጠነኛ ሲምፎኒ አስተላልፈናል። ማህለር ይህን ሥራ በኦርኬስትራ ሲጫወት ሳይሰማ እ.ኤ.አ. በ1911 አረፈ፤ በዓመቱ የኦርኬስትራ መሪው ብሩኖ ዋልተር ቪየና ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ አቀረበው። በመጨረሻው ገጽ ላይ ነፋሾቹም ከበሮውም ዝም ብለው ባለ ክር መሣሪያዎቹ ብቻ ይቀራሉ። ዜማው ይሳሳል፣ በአንዱ ኖታና በሌላው መካከል ያለው ዝምታ እየረዘመ ይሄዳል። ማህለር እዚያ ቦታ ላይ ለተጫዋቾቹ የጻፈላቸው የጀርመንኛ ቃል "እየሞተ" ማለት ነው።

በሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ደግሞ ዝምታን የሚከታተል መሣሪያ አለ። ድምፅ ከተወሰነ መጠን በታች ወርዶ ለጥቂት ሰከንዶች ከቆየ፣ ስርጭቱ ተበላሽቷል ብሎ መጠባበቂያውን ቅጂ በራሱ ይለቃል። የእኛው የተስተካከለው ለዜናና ለውይይት ነው። ለዚያ ምሽት ሌላ ልክ ልንሰጠው ይገባ ነበር፣ አልሰጠነውም። ቪዮላዎቹ የመጨረሻዎቹን ኖታዎች ሊያሰሙ ሲሉ የጣቢያችን መለያ ሙዚቃ በሙሉ ድምፁ ገባ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጣችሁ የጠበቃችሁትን ቅጽበት ነጠቅናችሁ። ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።

አሁን አውቀን ወዳደረግነው። ብዙ ጣቢያዎች ድምፁን ወደ አየር ከመልቀቃቸው በፊት ኮምፕረሰር በሚባል መሣሪያ ያሳልፉታል። መሣሪያው ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ አድርጎ ሁሉንም ወደ አንድ ደረጃ ያቀራርበዋል። መኪና ውስጥ ሞተሩና ጎማው እየጮኹ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ለወሬና ለዘፈንም ብዙ አይጎዳም። ክላሲካል ሙዚቃን ግን ከሥሩ ይነካዋል።

ከሰዓት በኋላ ያሰማናችሁን የሞሪስ ራቬልን ቦሌሮ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1928 የቀረበው ይህ ሥራ ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሲጀምር አንዲት ትንሽ ከበሮ በሹክሹክታ ትመታለች፣ ፍሉቱ ዜማውን ይዞ ይገባል። ከዚያ በኋላ ምቱ አይለወጥም፣ ፍጥነቱ አይለወጥም፣ ዜማዎቹም ሁለት ብቻ ናቸው፤ እየተፈራረቁ ይደጋገማሉ። የሚለወጠው ማን እንደሚጫወታቸውና ስንት ሆነው እንደሚጫወቱ ነው። ክላሪኔቱ ይቀበላል፣ ፋጎቱ ይቀበላል፣ ትሮምቦኑ ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ ኦርኬስትራው በሙሉ ይነሣል። የሥራው አጥንት ያ ቀስ ያለ መውጣት ነው። በስቱዲዮአችን ሁለቱንም አድርገን ሞክረናል። በኮምፕረሰር ሲያልፍ የመጀመሪያዋ ከበሮ ጆሮ ሥር መጥታ ትመታለች፤ መደምደሚያው ሲደርስ ምንም የጨመረ ነገር የለም። አንድ ዜማ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲደጋገም የሚሰማ ይመስላል። ይህን ሰምተን መሣሪያውን ለቀኑ በሙሉ አጠፋነው። "ጠፋብን" ያላችሁት ያችን ከበሮ ነው፤ ራቬል እንዲያ እንድትሰማ ነው የጻፋት።

ስለዚህ አንድ ነገር እንለምናችኋለን፦ ሥራው ዝቅ ብሎ ሲጀምር የሬዲዮውን ድምፅ አትጨምሩ። አዘጋጃችን ሲናገር በሚመቻችሁ ልክ አስተካክላችሁ ተዉት፤ ሙዚቃው ራሱ ወደ እናንተ ይመጣል።

ማስታወቂያና ዜና በሰዓቱ ለምን አልገባም ላላችሁን፣ መልሱ አጭር ነው። የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ የመዘምራኑ ድምፅ የሚሰማው በአራተኛውና በመጨረሻው ክፍል ነው። ሰዓት ሞላ ብለን መሐል ላይ ብንቆርጠው ያ ሁሉ መጠበቅ ከንቱ ይቀራል። ዜናውንም ማስታወቂያውንም በሥራዎች መካከል አስገብተናል፣ ወደፊትም እንዲሁ እናደርጋለን። ማስታወቂያ ያስነገራችሁ ደንበኞቻችን የከፈላችሁበት ደቂቃ አልተቀነሰም።

"ሥዕል በሬዲዮ ምን ይሠራል?" የሚል ጥያቄም ደርሶናል። የቀትሩን የኪነ ጥበብ ሰዓት የሰጠነው ለሩሲያዊው ሠዓሊና አርክቴክት ቪክቶር ሃርትማን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1873 ገና በ39 ዓመቱ ሲሞት ወዳጆቹ በቀጣዩ ዓመት ሥራዎቹን ሰብስበው ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ለእይታ አቀረቡ። ከወዳጆቹ አንዱ የሙዚቃ ደራሲው ሞደስት ሙሶርግስኪ ነው፤ በዚያው ዓመት ሥዕሎቹን እየተከተለ አሥር ክፍል ያለው የፒያኖ ሥራ ጻፈ። ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው የሚራመድበትን እርምጃ እንኳ በዜማ አስገብቶታል። አዘጋጃችን መጀመሪያ ለኪየቭ ከተማ የታሰበውን የበር ንድፍ በቃል ሣለችላችሁ፦ የጥንት ወታደር የራስ ቁር የሚመስለውን ጉልላት፣ ከበሩ ጎን የቆመውን የደወል ማማ። ቀጥሎ ፒያኖው ያንን በር አቆመው። በሩ በድንጋይ ተሠርቶ አያውቅም፤ በዚያ ትርኢት ከቀረቡት ሥዕሎችም አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ሰው ዛሬም በዚያ በር የሚያልፈው በጆሮው ነው። ይህንን ለማሰማት ከሬዲዮ የተሻለ ቦታ አናውቅም፤ ስለዚህ የቀትሩ ሰዓት ይቀጥላል።

መኪና ውስጥ የምታዳምጡትንና ድርጅቶቻችሁ ውስጥ የምታሰሙትን ግን አልዘነጋንም። ከመጪው ሳምንት ጀምሮ በኢንተርኔት ሁለት ስርጭት ይኖረናል፤ አንዱ በኮምፕረሰር ያለፈ፣ ሌላው ሳይነካ እንደተቀረጸ። ተጨማሪ ክፍያ የለውም።

የማህለርን ሲምፎኒ በመጪው እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እንደገና እናስተላልፋለን። ዝምታን የሚከታተለው መሣሪያ ለዚያ ምሽት ይጠፋል፤ በእሱ ፈንታ ባለሙያችን እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ስርጭቱን በጆሮው ይከታተላል። ከመጨረሻው ኖታ በኋላ አዘጋጃችን ለግማሽ ደቂቃ ያህል አትናገርም።

ከአክብሮት ጋር፣
የፕሮግራም ክፍል